ያዥ ያጣ ፎካሪ

ቶሮንቶ ውስጥ ጣልያን ሞልቷል። ኮሌጅ ስትሪት ብትሄዱ ጣልያን፣ ሴንት ክሌር ብትሄዱ ጣልያን፤ ሲሚንቶ የሚያቦካው ጣልያን፣ ፀጉር የሚቆርጠው ጣልያን። በ1988 ዓ.ም. ግን አቶ አስማማው አንድ ጣልያን ፈልገው አጡ።

የፈለጉት እውነተኛውን አይደለም። ከእኛው መሃል ጣልያን ሆኖ መድረክ ላይ የሚቆምላቸውን ነው። የማኅበሩ ኮሚቴ በዚያ ዓመት የሚያዝያ ሃያ ሰባትን በዓል በድግስ ብቻ አናልፈውም፣ አዲስ አበባ ከጠላት እጅ የወጣችበትን ቀን በቲያትር እናሳያለን ብሎ ወሰነ። አቶ አስማማው ደራሲም፣ አዘጋጅም፣ መጋረጃ ሳቢም ሆኑ። ነገሩ ቀላል ነበር። አርበኞቹ ከእንጦጦ ይወርዳሉ፣ የጣልያኑ አዛዥ ጠመንጃውን አስረክቦ እጁን ይሰጣል፣ የእሱ ባንዲራ ወርዶ የእኛው ይሰቀላል፣ ንጉሡ በጃንጥላ ይገባሉ፣ እልል ይባላል፣ ከዚያ ወደ ምግብ።

አርበኛ ልሁን የሚለው ሰው ብዛቱ! መድረኩ አይችላችሁም ተብለው ግማሾቹ ተመልካች እንዲሆኑ በስንት ልመና ተመለሱ። ንጉሡን ማን ይሁን የሚለው ደግሞ ኮሚቴውን ለሁለት ሊከፍለው ነበር። ንጉሡን የሚወድም፣ ድሮ ተማሪ ሆኖ ንጉሡ ይውረዱ እያለ ሰልፍ የወጣም እዚያው አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው የተቀመጠው። ብዙ ከተጯጯሁ በኋላ የተስማሙት ጃንጥላው ብቻ ይግባ በሚለው ነው። ጃንጥላ ማንንም አያስቀይምም።

ጣልያንነቱን ግን ማን ይንካው! አንዱ «የአያቴ አጥንት ይወጋኛል» አለ። ሌላው «ሚስቴ ትፈታኛለች» አለ። አንድ ደፋር ተገኝቶ እሺ ብሎ ነበር፤ ልምምድ ላይ ሲደርስ ግን እጅ አልሰጥም አለ። ቢለምኑት፣ ቢቆጡት፣ «ወንድ ልጅ እጁን አይሰጥም» ብሎ ድርቅ። በዚህ ዓይነት አዲስ አበባ ነጻ ሳትወጣ ልትቀር ነው።

ያን ጊዜ ነው ስንታየሁ ትዝ ያላቸው።

ስንታየሁ ኤግሊንተን ዌስት ጓሮ ካለች አንዲት ጠባብ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ መካኒክ ነው። ቀይ፣ ሎጋ፣ ዝምተኛ። ዝምታውን ኩራት የሚሉት አሉ። ኩራት አይደለም፤ የሚናገረው ነገር የሚመጣለት ሰዉ ከሄደ በኋላ ስለሆነ ነው። ጸዮን የምትባል ልጅ ይወዳል፤ እሷም እንዴት እንደሆነ እንጃ ትወደዋለች። ጸዮን ነርሲንግ ሆም ውስጥ ትሠራለች፣ ጄን ኤንድ ፊንች አካባቢ አባቷን ይዛ ትኖራለች። ለመጋባት የቀራቸው ሽማግሌ መላክ ብቻ ነበር። ሽማግሌ እሆንሃለሁ ብለው ቃል የገቡለት ደግሞ እኚሁ አቶ አስማማው ናቸው።

አቶ አስማማው አንድ ጠዋት ጋራዡ ድረስ መጡ። መኪናቸው ምንም አልሆነችም።

«ስንታየሁ፣ ያን የሽማግሌውን ነገር አልረሳሁትም» አሉ።

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ።»

«አንተም እኔን አትረሳኝም።»

ስንታየሁ እጁን በጨርቅ ጠረገ። መጥፎ ነገር እንደሚመጣ ገብቶታል።

«ቀይ ነህ» አሉ አቶ አስማማው፣ ዞር ዞር ብለው እያዩት። «ቁመናም አለህ። ጣልያንኛም ትችላለህ።»

«እኔ? የት ተምሬ?»

«መካኒክ አይደለህ እንዴ? ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ባሌስትራ! ይሄ ምንድን ነው ታዲያ፣ ግዕዝ ነው?»

«ጋሼ፣ አባባ ገረመው እኮ ይመጣሉ።»

«የክብር እንግዳችን ናቸው! ፊት ለፊት ነው የሚቀመጡት።»

«የጸዮን አባት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዩኝ ጣልያን ሆኜ ሊሆን ነው?»

«ዓይናቸውን ሞራ ለብሶታል፣ ማንን ሊለዩ? ቆብ እናደርግልሃለን።» አቶ አስማማው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እምቢ ካልክም መብትህ ነው። እኔም ሽማግሌ የምንሄድበት ቅዳሜ ሥራ ይበዛብኛል፤ ሌላ ሽማግሌ ትፈልጋለህ።»

ቶሮንቶ ውስጥ አባባ ገረመው ፊት ቆሞ የሚናገር ሌላ ሽማግሌ ከየት ይመጣል! ስንታየሁ ጣልያን ሆነ።

እዚህ ላይ ስለ አባባ ገረመው መናገር ግድ ነው። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ጸዮን ስፖንሰር አድርጋ ካመጣቻቸው አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ከስንታየሁ በፊት ሁለት ሰዎች ጸዮንን ሊጠይቁ ሽማግሌ ልከው ነበር። የመጀመሪያውን «አባቱን አውቀዋለሁ!» ብለው መለሱት፤ የልጁን አባት በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። ሁለተኛውን ደግሞ «አባቱን አላውቀውም» ብለው መለሱት። ለሦስተኛው ምን እንደሚሉ ጸዮንም መገመት አቅቷታል። ስንታየሁ እንደ ደንቡ ሽማግሌ ሳይገባ ደጃቸውን አልረገጠም፤ እሳቸውም መኖሩን አያውቁም።

አባባ ገረመው በሠላሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ሚያዝያ ላይ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ሆነው ከአርበኞቹ ጋር በእንጦጦ በኩል አዲስ አበባ ገብተዋል። ይህ እውነት ነው፣ ማንም አይጠራጠርም። ጉለሌ ላይ አንድ ጣልያን የተዘጋ ሱቅ በር ላይ ነጭ ጨርቅ ይዞ ቆሞ አዩ። አባታቸው በጦርነቱ ሞተዋል፤ ደማቸው ፈላ፣ ጎራዴ መዘው ዘለሉ። ምርኮኛ የነካ ወዮለት ተብሎ ታውጆ ስለነበር አጎታቸው ከኋላ ደርሰው ወገባቸውን ጥርቅም አድርገው ያዟቸው። ይህን ታሪክ የጄን ኤንድ ፊንች ሐበሻ ሁሉ በቃሉ ይችለዋል፤ ሊፍት ውስጥም፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍልም፣ አውቶቡስ ፌርማታም ላይ ሰምቶታል። መጨረሻው ሁልጊዜ አንድ ነው። «ባይዘኝ ኖሮ!» ይላሉ አባባ ገረመው፣ ከዘራቸውን መሬት ላይ ጓ አድርገው። ባይዟቸው ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ግን ተናግረው አያውቁም።

ሚያዝያ ሃያ ሰባት እሑድ ዋለ። ማኅበሩ ብሉር አጠገብ አንድ ምድር ቤት አዳራሽ ተከራይቶ ነበር። ልብሱም ወንበሩም በወይዘሮ ያለምወርቅ እጅ ነው። ወይዘሮ ያለምወርቅ የማይገቡበት ነገር የለም፤ የሚያውቁትን ሁሉ ይናገራሉ፣ ያልነገሯቸውን ደግሞ ጠይቀው ይደርሱበታል። ስንታየሁን ከአሮጌ ልብስ ሱቅ የተገዛ ካኪ ኮት አልብሰው፣ ከሴት ባርኔጣ የተነቀለ ላባ ቆቡ ላይ ሰኩለት። ራቅ ብለው አዩት።

«ወይ ጉድ! በፈጠረህ ወዲያ ሂድልኝ፤ እኔም ልመታህ ምንም አልቀረኝ» አሉ።

ስንታየሁ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ አየ። አባባ ገረመው የመጀመሪያው ረድፍ መሃል ላይ ካባ ደርበው፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው ተቀምጠዋል። ጸዮን ከጎናቸው ናት። ጣልያኑ ማን እንደሆነ አልነገራትም ነበር። ስትሰማ ልትቀየመው እንደምትችል ያወቀው አሁን፣ ቆቡን አድርጎ ከቆመ በኋላ ነው።

ቲያትሩ ተጀመረ። አርበኞቹ እዚሁ ቶሮንቶ ያደጉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፤ ጎፈር ብለው ራሳቸው ላይ ያሰሩት ከመታጠቢያ ቤት ምንጣፍ የተቆረጠ ነው። ከእንጦጦ ወረዱ፣ ማለትም ከሦስት ጠረጴዛ ላይ ዘለሉ። አንዱ ሲዘል «ሶሪ» አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ከዚያ ስንታየሁ ወጣ።

አዳራሹ በሙሉ «ኡኡ!» ብሎ ተቀበለው። አቶ አስማማው ከመጋረጃው ጀርባ «ተናገር! በጣልያንኛ!» አሉት።

ስንታየሁ ጉሮሮውን ጠረገ። «ካንዴላ» አለ፣ በሐዘን። ትንሽ አሰበ። «ፍሪሲዮን... ባሌስትራ... ካምቢዮ...»

ኋላ የተቀመጡት ታክሲ ነጂዎች ሳቅ በሳቅ ሆኑ። «ማርሚታውስ?» ብሎ አንዱ ጮኸ። ስንታየሁ ሥራው ላይ እንዳለ ሁሉ «ማርሚታ ተበስቷል» ብሎ ሊመልስ ነበር፣ ለጥቂት ተረፈ። ጠመንጃውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ሁለት እጁንም ወደ ላይ አነሳ።

ያን ጊዜ ፊተኛው ረድፍ ላይ ከዘራ ጓ አለ።

አባባ ገረመው ብድግ ብለዋል። ጸዮን ካባቸውን ብትይዝ ካባው እጇ ላይ ቀረ። ደረጃውን በማን እርዳታ እንደወጡት እግዜር ይወቅ፣ መድረኩ ላይ ወጥተው ቆሙ።

እሳቸው ጅል አይደሉም። ቲያትር መሆኑን አሳምረው ያውቃሉ። ግን ደም የሚባል ነገር አለ፤ በየሊፍቱ ሲያወሩት የኖሩት ጣልያን እጁን ሰቅሎ ፊታቸው ሲቆም ደማቸው ቲያትር ነው ብሎ አልቆመላቸውም።

«ዘራፍ! አካኪ ዘራፍ!
ተራራ የሚወርድ ሌሊት እንደ ጎርፍ፣
ምሽግ ውስጥ የሚያድር ሳይበላ ሳያርፍ!
ያዙኝ! ያዙኝ ብያለሁ!»

ድምፃቸው አዳራሹን ሞላው። ሴቶቹ እልል አሉ። አባባ ገረመው ከዘራውን ሰብቀው አንድ እርምጃ ወደ ጣልያኑ ተንደረደሩና፣ እንደ ደንቡ፣ ወዲህና ወዲያ አዩ።

የፉከራን ደንብ ለማያውቅ ልንገረው። ፎካሪ ብቻውን አይፎክርም፤ ያዥ አለው። እሱ «ያዙኝ!» ሲል ሁለት ሦስት ሰው ዘሎ ይይዘዋል፤ እሱ «ልቀቁኝ!» እያለ ይታገላል፤ እነሱ «ተው በእግዜር!» እያሉ ያጠብቃሉ። እሱም ጀግንነቱን ያሳያል፣ ሰውም አይጎዳም፣ ሁሉም በክብሩ ይመለሳል። ያዥ የጠፋ ዕለት ግን ፎካሪው ጉድ ፈላበት። ወይ መምታት አለበት፣ ወይ በሕዝብ ፊት ዝቅ ብሎ መመለስ አለበት።

በዚያ አዳራሽ ያዥ ጠፋ። ደንቡን የሚያውቁት ትልልቅ ሰዎች ወይ ውጭ ሲጋራ ያጨሳሉ፣ ወይ ምግቡ ጋ ተሰልፈዋል። አቶ አስማማው መጋረጃው ጀርባ የባንዲራውን ገመድ እንደያዙ ናቸው። መድረክ ላይ ያሉት አርበኞችስ? ልጆቹ የቲያትሩ አካል መሰላቸውና፣ ደግ ልጆች ስለሆኑ፣ አባባ እንደልባቸው እንዲሆኑ ወደኋላ ሸሽተው ቦታ ለቀቁላቸው! አጨበጨቡም። አንዱ ቪዲዮ ካሜራ አስጠግቶ «ጎ፣ አባባ!» አለ።

«ያዙኝ!» አሉ አባባ ገረመው እንደገና፣ ሌላ እርምጃ ተራምደው።

የበለጠ አጨበጨቡ።

አሁን በእሳቸውና በስንታየሁ መሃል የከዘራ ርቀት ብቻ ቀረ። ስንታየሁ እጁን እንደሰቀለ ፊታቸውን አየ። ደብረ ብርሃን ሲያድግ በየሠርጉ ፎካሪ ያዥ እሱ ነበር፤ ጉልበት ስላለውና አፍ ስለሌለው ለዚያ ይመርጡት ነበር። ስንቱን ፎካሪ ይዟል፤ የፎካሪ ዓይን ያውቃል። የአባባ ገረመው ዓይን ቁጣ አልነበረበትም። ፍርሃት ነበረበት። ከላይ የተሰቀለው ከዘራ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አይሄድም።

«ያዙኝ እንጂ» አሉ ለሦስተኛ ጊዜ። ይሄኛው ፉከራ አልነበረም። ልመና ነበር፣ የሰማውም ስንታየሁ ብቻ ነው።

ምን ያድርግ? ቢሸሽ ከዘራው ባዶ መሬት ሊመታ ነው፤ ሽማግሌው ሰው ተደናቅፈው ሲወድቁ ሕዝብ ይስቃል። ቢቆምና ቢመታ ደግሞ አባባ ገረመው እጁን የሰጠ ሰው መቱ ሊባል ነው፤ ሃምሳ ምናምን ዓመት ሳያደርጉት የኖሩትን ብሉር ላይ ሊያደርጉት። ቢይዛቸውስ? ጣልያን አርበኛ ሲይዝ የት ታይቷል! ቲያትሩ ይበላሻል፣ አቶ አስማማው ያብዳሉ፣ ሽማግሌነቱ ይቀራል። አባባ ገረመውም «በሕዝብ ፊት ያነቀኝ» ለሚሉት ሰው ልጃቸውን አይሰጡም። ጸዮንን ሊያጣት እንደሆነ ታየው።

አቅፎ ያዛቸው።

አያያዝ አለው። ብብት ሥር ገብቶ፣ ደረትን ሳይጫኑ፣ ከዘራው እላይ እንደተሰቀለ እንዲቀር ክንዱን ሳይነኩ። «ተዉ አባባ!» አለ ስንታየሁ፣ በሕይወቱ ጮኾ በማያውቀው ድምፅ። «ተዉ በእመብርሃን! ገላጋይ! የገላጋይ ያለህ! ሊጨርሱኝ ነው!»

አባባ ገረመው ነፍስ ዘሩ። «ልቀቀኝ!» ብለው አገሡ። «ልቀቀኝ አልኩ! ዛሬስ አልመለስም!» ግራ ቀኝ ታገሉ፣ ከዘራውን አወዛወዙ፣ የላባውን ቆብ ከራሱ ላይ ወዲያ አሽቀነጠሩት። አዳራሹ በጭብጨባና በእልልታ ተናወጠ።

«ኧረ ጣልያኑ አርበኛውን ማረከው!» ብሎ አንዱ ታክሲ ነጂ ጮኸ።

አቶ አስማማው ከመጋረጃው ሥር ብቅ አሉ። «ስንታየሁ! ልቀቃቸው! ኧረ ስንታየሁ፣ ከተማዋን መልሰህ ያዝካት እኮ!» ሲሉ ከድንጋጤ የተነሣ ገመዱን ወደማይሆን ወገን ሳቡት፤ ግማሽ መንገድ ወርዶ የነበረው የጣልያን ባንዲራ ተመልሶ ቱር ብሎ ተሰቀለ። ጃንጥላውም ያለጊዜው ገብቶ፣ ነገሩን አይቶ ወጣ።

በዚህ ሁሉ ጫጫታ መሃል አባባ ገረመው አፋቸውን ወደ ስንታየሁ ጆሮ አስጠጉ።

«አጥብቀህ ያዝ» አሉት፣ ቀስ ብለው። «እግሬ ከድቶኛል። እንዳልወድቅ።»

«ይዤዎታለሁ አባባ» አለ ስንታየሁ።

እውነትም ከወገባቸው በታች ምንም አልነበረም፤ ሙሉ ክብደታቸው እሱ ክንድ ላይ ነው። አባባ ገረመው ከላይ «ልቀቀኝ!» እያሉ ይፎክራሉ፣ ከታች እሱ ተሸክሟቸው ይሄዳል። እንዲያ እየታገሉ፣ ማለትም እየታገሉ መስለው፣ ደረጃውን ወረዱ። ወንበራቸው ላይ አስቀመጣቸው። ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ። ወይዘሮ ያለምወርቅ ውኃ ይዘው ሮጡ።

አባባ ገረመው ውኃውን ጠጥተው ካባቸውን አስተካከሉ። ስንታየሁን ቀና ብለው አላዩትም። ምግብ ሲቀርብም አላዩትም፣ ሲሄዱም አላዩትም። ጸዮን ግን አየችው፤ ባታየው ይሻል ነበር።

በማግስቱ ከሥራ ቦታዋ ኮል አደረገችለት።

«ጣልያን መሆንህ ይቅር። አባባ ከትናንት ጀምሮ አይናገርም። ስለዚያ ቀን ሲያወራ ያልዋለበትን ቀን አላውቅም፣ አሁን ጭራሽ ዝም! ምን አልከው?»

«ምንም።»

«ጆሮህ ላይ ሲያወራ አይቻለሁ። ምን አለህ?»

ስንታየሁ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው አዛወረ።

«ሰደበህ?»

«አይ።»

«ታዲያ ምን አለህ?»

«ጸዮን፣ ተይኝ።»

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችው። በሦስተኛው ቀንም ደውላ ዘጋችው። ወይዘሮ ያለምወርቅም ጋራዡ ድረስ መጡ፤ እሳቸው ጭራሽ መኪና የላቸውም። አባባ ምን አሉህ ብለው ለመኑት፣ ተቆጡት፣ ዳቦ አመጡለት። ዳቦውን በላ፣ ምንም አልተናገረም። አቶ አስማማው በበኩላቸው «ታሪክ ላበላሸ ሰው ሽማግሌ አልሆንም» ብለው ነበር። በኋላ ቪዲዮውን ያየ ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ ቲያትር አይተን አናውቅም እያለ ሲያመሰግናቸው፣ ያቀነባበሩት ራሳቸው መሆናቸው ትዝ አላቸውና ተመለሱ።

ቅዳሜ ጠዋት ጄን ኤንድ ፊንች ሄዱ። ሁለተኛ ሽማግሌ የተባለው ሰው መኪናው ቲኬት እንዳይበላበት ታች ቀረ። ወይዘሮ ያለምወርቅ ተተኩ፤ ሴት ሽማግሌ የት ታየ ቢባሉ «ቶሮንቶ ታየ» አሉ። ስንታየሁ መግባት አይገባውም፤ ግን ቤት መዋል አቃተው። ከኋላቸው ወጥቶ ሊፍቱ አጠገብ፣ ኮሪደሩ ዞር የሚልበት ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ።

ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፣ ደጃፍ ላይ ቆሞ ነው የሚለምነው። ስለዚህ በሩ ክፍት ነው፤ ስለዚህ ስንታየሁ ሁሉንም ይሰማል።

«ለቁም ነገር ነው የመጣነው» አሉ አቶ አስማማው። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።»

«እንግዲያው ቁሙ» አሉ አባባ ገረመው።

ቆሙ። አቶ አስማማው ስለ አንድ ጨዋ ልጅ ረጅም ንግግር ጀመሩ፤ ሥራ ወዳድ፣ ትሑት፣ ከደብረ ብርሃን። ስሙን ዘለሉት። ባለፈው እሑድ የት እንደነበረም ዘለሉት።

«ጣልያኑ ነው» አሉ አባባ ገረመው።

አቶ አስማማው አፋቸው ተከፍቶ ቀረ።

«ሞራ የለበሰው ዓይኔ ነው፣ ጆሮዬ አይደለም። መድረክ ላይ ስንታየሁ፣ ስንታየሁ እያልክ ስትጮህ ሰምቻለሁ። ይቺም ልጅ ሳምንቱን ሙሉ ስንታየሁ እያለች ስልክ ላይ ስትጣላ ሰምቻለሁ።» ወደ አቶ አስማማው ዞሩ። «አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ያን ዕለት ጆሮው ላይ የነገርኩትን ነገራችሁ?»

ስንታየሁ ከኮሪደሩ ጥግ አንገቱን አወጣ። አቶ አስማማው አላውቅም ማለት የሚባል ነገር የማያውቁ ሰው ናቸው። «አዎ፣ ሁሉንም አጫውቶናል!» ሊሉ ነው፤ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ተሰማው። ሮጦ ገብቶ አፋቸውን ሊይዝ ዳዳው።

«ምን ይነግረናል!» አሉ ወይዘሮ ያለምወርቅ፣ ቀድመው። «ሳምንት ሙሉ ለመንኩት እኮ አባባ! ዳቦ ጋግሬ ወሰድኩለት፣ ዳቦዬን በልቶ ዝም አለኝ! እውነቱን ልናገር ከተባለ፣ ለሽምግልና መጥቼ እንዲህ ማለቴ ነውር ነው፣ ግን ሚስጥረኛ ነው፣ ክፉ! ምን ቢሉት ነው እንዲህ የሚደብቀው?»

አቶ አስማማው ክርናቸውን ጎሰሟቸው። ልጅ ሊለምኑ መጥተው ልጁን አሙት! ስንታየሁ ዓይኑን ጨፈነ። አለቀ አለ።

«ለእሷስ?» አሉ አባባ ገረመው። «ጸዮን፣ ለአንቺም አልነገረሽም?»

«አልነገረኝም!» አለች ጸዮን ከውስጥ፣ በንዴት። «ስልክ ዘጋሁበት፣ አልነገረኝም። ደግሞም ዘጋሁበት።»

ከአንዱ ቤት የቴሌቪዥን ድምፅ ይሰማል። ሊፍቱ መጥቶ፣ ተከፍቶ፣ ሰው አጥቶ ተዘጋ። ስንታየሁ እግሩ ሲከዳው ተሰማው፤ እሱን የሚይዘው ደግሞ አልነበረም።

«አስማማው» አሉ አባባ ገረመው። «ያለምወርቅ።»

«አቤት» አሉ ሁለቱም።

«በሉ ግቡና ተቀመጡ።»

ሽማግሌዎቹ ገና ጫማቸውን ሲያወልቁ፣ ሊፍቱ አጠገብ ያለው ስንታየሁ ግድግዳውን ተንሸራቶ ኮሪደሩ ወለል ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።